ከባቄላ ሥር ራይዞቢየም ማውጣት፦ ከማሳው እስከ አሸዋው ማሰሮ

የባቄላ ሥር ላይ የሚታዩት እባጮች፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኖዱል የምንላቸው፣ ሆዳቸው ራይዞቢየም በተባለ፣ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሉ በሚሰጥ ባክቴሪያ የተሞላ ነው። ባክቴሪያውን አውጥቶ ማሳደግ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኔዘርላንዱ የማይክሮብ ተመራማሪ ቤየሪንክ በ1888 እ.ኤ.አ. ሠርቶታል። ፈተናው ፕሌት (ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ የፈሰሰበት ክብ ሳሕን) ላይ የበቀለው ነገር ከኖዱሉ ውስጥ እንጂ ከላዩ ከተጣበቀው አፈር፣ ከማጠቢያው ውሃ ወይም ከእጅ እንዳልመጣ ማረጋገጥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሠራሁት እንዲህ ነው።

ናሙናውን የሰበሰብኩት ግማሽ ያህሉ ተክል ሲያብብ ነው። ከዚያ ከዘገየ ፍሬ መያዝ ስለሚጀምር ኖዱሉ እያረጀ ይሄዳል። ተክሉን ግንዱን ይዞ መጎተት አይሆንም፤ በተለይ ዋልካ መሬት ላይ ምርጡ ኖዱል ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ከግንዱ 15 ሳ.ሜ. ርቄ ዙሪያውን ቆፍሬ፣ እስከ 20 ሳ.ሜ. ጥልቀት ድረስ ያለውን ጓል እንዳለ አነሳሁና አፈሩን በውሃ አላቀቅሁ። ከየማሳው አንድ ሁለት ኖዱል ሰንጥቆ ማየት ያስፈልጋል። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ሌግሄሞግሎቢን የተባለው ቀይ ፕሮቲን አለው፣ እየሠራ ነው። አረንጓዴ ከሆነ አርጅቷል፣ አልወሰድኩትም።

በማግስቱ ለሚሠራ ኖዱል ላስቲክ ከረጢትና የበረዶ ሳጥን ይበቃል። መንገዱ ረጅም ከሆነ ግን ክዳን ባለው ትንሽ ጠርሙስ ታች ሲሊካ ጄል፣ በላዩ ጥጥ፣ ከዚያ ኖዱሎቹን አደርጋለሁ። የደረቀው ኖዱል ከመታጠቡ በፊት አንድ ሰዓት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይነከራል።

የባክቴሪያው ምግብ የእርሾና የማኒቶል (የስኳር ዓይነት) አጋር፣ ማለትም እንደ ጄሊ የሚረጋ ምግብ፣ ነው። ለ1 ሊትር፦ ማኒቶል 10 ግራም፣ የእርሾ ጭማቂ ዱቄት 0.5 ግራም፣ ዳይፖታሲየም ፎስፌት 0.5 ግራም፣ ማግኒዥየም ሰልፌት 0.2 ግራም፣ ጨው 0.1 ግራም፣ አጋር 15 ግራም፤ ፒኤች 6.8። ከዚህ ላይ 0.25 ግራም ኮንጎ ሬድ የተባለ ቀይ ቀለም በ100 ሚ.ሊ. ውሃ በጥብጬ 10 ሚ.ሊ. እጨምራለሁ። 1 ሊትሩ 50 ያህል ፕሌት ያወጣል።

በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ማሽን፣ አውቶክሌቩ፣ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ፕሌት የሚበላሸው እዚህ ነው። መመሪያዎች ሁሉ «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» ይላሉ፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ አሃድ ነው። ይህ ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ የግፊት መለኪያው ጌጅ ደግሞ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 18.5 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ማሽኑ ያንን ግፊት እንዲችል ካልተሠራ ግን መጨመር አደገኛ ነው፤ እኔ 15 ላይ ትቼ ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ አሳደግሁት። ሙቀቱን ራሱ ለክቶ የሚቆጣጠር ማሽን ያለው ሰው ይህ አያስጨንቀውም። የአውቶክሌቭ ቴፕ መጥቆሩ ዕቃው እንደጋለ እንጂ ጀርሙ እንደሞተ አይናገርም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር ሁለት ባዶ ፕሌት ለሦስት ቀን 28 ዲግሪ ላይ አቆያለሁ።

ቀጥሎ ማጠቡ። ኖዱሉን ከሥሩ ስቆርጥ ግራና ቀኝ ግማሽ ሳ.ሜ. ያህል ሥር አስቀርለታለሁ፣ በፒንሴት የምይዘውም በእሱ ነው። ኖዱሉ ራሱ ከተወጋ በረኪናው ገብቶ ውስጡን ይገድላል፤ «ምንም አልበቀለም» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። በ95 በመቶ አልኮል ለ10 ሰከንድ እነክራለሁ፤ ይህ ላዩ ላይ የያዘውን የአየር አረፋ ያስለቅቃል፣ ያለዚያ በረኪናው ሁሉንም ቦታ አይነካም። ከዚያ 3 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት (በረኪና) ውስጥ 3 ደቂቃ፣ ትንንሾቹን 2 ደቂቃ። የሱቅ በረኪና ይሠራል፣ ግን መደርደሪያ ላይ ሲቆይና ፀሐይ ሲያገኘው ክሎሪኑ ይተናል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን ስለማያዋጣ አዲስ የተከፈተ እጠቀማለሁ፣ የበጠበጥኩትንም ለነገ አላሳድርም።

ከዚያ በንጹሕ ውሃ 5 ጊዜ እለቀልቃለሁ። የመጨረሻው ውሃ አይደፋም! 100 ማይክሮሊትር ወስጄ ለብቻው ፕሌት ላይ አፈሳለሁ። እሱ ላይ ነገር ከበቀለ የዚያ ኖዱል ፕሌት ምንም ያህል ቢያምር አይቆጠርም። ይህን አንድ ፕሌት ለመቆጠብ ተብሎ የሚጣል የወር ሥራ አለ።

ኖዱሉን ጠብታ ውሃ ውስጥ በመስታወት ዘንግ ጨፍልቄ ፈሳሹን ፕሌት ላይ በመስመር እጭራለሁ፣ 28 ዲግሪ ላይ ጨለማ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጨለማው ለይስሙላ አይደለም፤ ብርሃን ሲያገኘው ራይዞቢየምም ኮንጎ ሬድ ይመጥጥና ከሌላው መለየት ያስቸግራል። የባቄላው ራይዞቢየም ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ ወይም አሳላፊ፣ እርጥብ፣ ሲነካ እንደ ሙጫ የሚለጠጥ ክምችት ይሠራል። በማግስቱ ድንገት የሞላ ነገር ራይዞቢየም አይደለም። የደመቀ ቀይ ክምችት ብዙውን ጊዜ ከውጭ የገባ ሌላ ጀርም ነው፤ ሆኖም የማጠቢያው ፕሌት ንጹሕ ሆኖ ቀዩ ደጋግሞ ከመጣ ኖዱል ውስጥ የሚኖር ሌላ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ለይቼ አቆየዋለሁ። ነጠላውን ክምችት ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንደገና እጭራለሁ፤ ሙጫው ሌላውን ደብቆ ይይዛልና።

እዚህ ደርሶ «ራይዞቢየም አገኘሁ» ማለት አይቻልም፤ አግሮባክቴሪየም የተባለው የአፈር ባክቴሪያም በዚሁ ፕሌት ላይ ተመሳስሎ ይበቅላል። የባክቴሪያ ዝርያ የሚለይበት ጂን፣ የ16ኤስ፣ ንባብም ብቻውን አይበቃም፦ ባቄላ ላይ ኖዱል የሚሠራውና ማገጥ (ክሎቨር) ላይ የሚሠራው በ16ኤስ አይለያዩም፣ ኖዱል የሚያስሠሩት ጂኖች ያሉት ፕላዝሚድ (ከዋናው ክሮሞሶም የተለየ የዲኤንኤ ቀለበት) ላይ ነው። ለዚያ ኖዱል ከሚያስሠሩት አንዱን፣ እንደ ኖድሲ (nodC) ያለ ጂን፣ ማየት ያስፈልጋል። ዳኛው ግን ራሱ ባቄላው ነው።

ባክቴሪያው ባቄላ ላይ ኖዱል ይሠራ እንደሆነ ለማየት የወንዝ አሸዋ በሰልፈሪክ አሲድ አሳድሬ፣ ፒኤቹ ወደ 7 እስኪመለስ አጥቤ፣ አውቶክሌቭ አድርጌ ማሰሮ ሞላሁ። ዘሩን አንድ በአንድ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ነቀዝ የበሳው ፍሬ ቀዳዳው ውስጥ ሻጋታ ስለሚይዝ ምንም ቢታጠብ አይጠራም። ከበቀለ በኋላ ለእያንዳንዱ ችግኝ 1 ሚ.ሊ. ባክቴሪያ፣ በሚ.ሊ. አንድ ቢሊዮን ገደማ ሕዋስ ያለው፣ ሰጠሁ። ሁለት መቆጣጠሪያ (ለማነጻጸር የሚተከል ማሰሮ) አለ፦ አንዱ ባክቴሪያም ናይትሮጅንም የሌለው፣ ሌላው 0.05 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት የሚጠጣ። ለተቀሩት ናይትሮጅን አልባ ማዳበሪያ በየሳምንቱ።

ውሃ ሲጠጣ መጀመሪያ የሚጠጣው ባዶው መቆጣጠሪያ ነው፤ የሚረጭ ጠብታ ባክቴሪያውን ከማሰሮ ማሰሮ ያሻግራል። ማሰሮዎቹንም አራርቄ አሸዋው ላይ የተቀቀለ ጠጠር እበትናለሁ። በ45ኛው ቀን ስነቅል መጀመሪያ የማየው ያንኑ መቆጣጠሪያ ነው። አንድ ኖዱል እንኳ ከተገኘበት ሙከራው እንደገና ይጀመራል። ናይትሬት የጠጣው አረንጓዴ ሆኖ ባዶው ከቢጫነት ጋር ቀጭጮ ከተገኘ ሙከራው ደኅና ነው።

ለማቆየት 25 በመቶ ግሊሰሪን ውስጥ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስገባሁ። መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ግን ያ ፍሪዘር አይታመንም። ስለዚህ 0.3 በመቶ ካልሲየም ካርቦኔት በጨመርኩበት ያጋደለ አጋር ቱቦ ሁለተኛ ቅጂ ይዤ 4 ዲግሪ ላይ አኖራለሁ። ካርቦኔቱ ባክቴሪያው ራሱ የሚያወጣውን አሲድ ያረግባል፣ ያለዚያ በገዛ አሲዱ ይዳከማል። በየሦስት ወሩ ወደ አዲስ ቱቦ አዛውራለሁ፣ ከቱቦው ላይ ቀንና የማሳው ኮድ በእርሳስ ይጻፋል፤ ማርከር በአልኮል ይጠረጋል።