ሽልማቱን ሚስጥር አታድርጉት

ከሁለት ዓመት በፊት አለቃችን ቢሮ ጠሩኝና «የሰብአዊ አገልግሎት ሽልማት ልናዘጋጅ ነው፣ አንተ ያዘው» አሉኝ። ደስ አለኝ። የአምቡላንስ ሠራተኞች ስማቸው የሚነሳው ሲዘገዩ ነው። በጊዜ ከደረሱ የሚመሰገነው ሆስፒታሉ ነው። በሙሉ ልቤ ገባሁበት። ያኔ አንድ ሰው እጄን ይዞ «ቆይ እስቲ» ቢለኝ ኖሮ እላለሁ እስካሁን።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ኮሚቴ አቋቋምን፣ የጥቆማ ቅጽ በተንን፣ አዳራሽ ያዝን፣ የምስክር ወረቀት አሳተምን። ሦስት ሳምንት አልፈጀም።

ትንንሽ ጥፋቶችም ነበሩ። ፕሮግራሙን ጠዋት፣ ልክ ፈረቃ በሚቀያየርበት ሰዓት አደረግሁት። አዳር የነበሩት ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። ቀን የገቡት ደግሞ ስማቸው ሲጠራ ጥሪ ላይ ናቸው። አዳራሹን የሞላነው የቢሮ ሰዎች ነን። ሹፌሮቹን ረሳሁ፤ ቅጹ ላይ «የባለሙያው ስም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ስልክ ተቀባዮቹንም ረሳሁ። ይሄኛው በተለይ ያሳፍረኛል። ብዙ አምቡላንስ ላይ የሚሳለው ሰማያዊ ኮከብ ስድስት ክንድ አለው፤ እያንዳንዱ የሥራውን አንድ ደረጃ ያመለክታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አደጋውን ማየትና ማሳወቅ ናቸው። መኪናው ገና ከቆመበት ሳይነሳ ማለት ነው። በዚያ ኮከብ አጠገብ በየቀኑ አልፋለሁ።

መመዘኛውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ከበላይ የመጣው መመሪያ የጥሪ ብዛትና የመድረሻ ሰዓት ይላል። ሰብአዊነት በደቂቃ ተለካ። ይኸው መመሪያ «ለተሸላሚዎች ደስታ ሲባል ስማቸው እስከ ዕለቱ ድረስ በምስጢር ይያዝ» ይላል። እኔም እንደ ታዛዥ ተማሪ በምስጢር ያዝኩት። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

አንደኛ የወጣችው አንዲት የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ነበረች። የተጠቆመችው አውቶቡስ በተገለበጠበት ቀን በሠራችው ሥራ ነው። ቀድሞ የደረሰው የእሷ መኪና ነበር። እሷና ሹፌሩ ብቻ። ሜዳው ላይ 14 ሰው ወድቋል። እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራው ማከም ሳይሆን መለየት ነው። አንድ ሰው ላይ ከ1 ደቂቃ በላይ አይቆይም። የማይተነፍስ ሲገኝ የአየር መተላለፊያው ይከፈትለታል። አሁንም ካልተነፈሰ ጥቁር ምልክት ይታሰርለትና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ቀይ አስቸኳይ ለሆነ፣ ቢጫ ትንሽ ሊቆይ ለሚችል፣ አረንጓዴ ቀላል ጉዳት ላለው፣ ጥቁር ለሞተ ወይም ሊድን ለማይችል። እሷ ይህን ሁሉ በሥርዓቱ ሠርታለች። ሌሎቹ አምቡላንሶች ሲደርሱ ማን ቀድሞ እንደሚጫን የታወቀ ነበር።

እኔ ደግሞ ጽሑፍ ማሳመር እወዳለሁ። የጉዞ ሪፖርቱን አስመጣሁና ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። የናፖሊዮን ጦር ሐኪም የነበረውን ዶሚኒክ ላሬን ሳይቀር አመጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ቁስለኛን ከጦር ሜዳ በፈረስ ጋሪ ቶሎ የማንሳት ሥራን የጀመረ ሰው ነው። ማዕረግ ሳይታይ ጉዳቱ የከፋው ይቅደም ያለም እሱ ነው። እንደሚያምር እርግጠኛ ነበርኩ። (ማዕረግ አይታይም እያልኩ ሳነብ፣ የፊት ወንበሮቹ በሙሉ በማዕረግ ቅደም ተከተል ተይዘዋል።)

ስሟን ጠራሁ። ደነገጠች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መድረክ ላይ ወጣች። ማንበብ ጀመርኩ። አውቶቡሱ፣ ገደሉ፣ 14ቱ ሰዎች። «ሊድኑ የማይችሉትን በጽናት አልፋ፣ ሊድኑ ወደሚችሉት ፈጠነች» የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም የለም። እኔ ሞኙ ትሕትና መሰለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሽልማቱን ተቀበለች፣ አለቃችንን ጨበጠች፣ ፎቶ አንሺውን አልፋ በጎን በር ወጣች። ሽልማቱን በሩ አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ትታዋለች።

«ጥሪ መጥቶባት ይሆናል» አልኩ። እንዴት እንደዚያ ልል ቻልኩ?

የነገረኝ ሹፌሩ ነው። መኪናውን እያጠበ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ። «ጥቁር ያሰረችለት ልጅ እናቱ አጠገቡ ነበረች። ምንም አልሆነችም እናቲቱ። ልጄን ትተሽ የት ትሄጃለሽ እያለች ቀሚሷን ይዛ ስትጎትታት ነበር። እኔ ነኝ ያላቀቅኳት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ስናልፍ አታወራም።» ይህ ሪፖርቱ ላይ የለም። ሪፖርቱ ላይ ያለው «ጥቁር፦ 1» ነው።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ይቅርታዬ ራሱ ረጅም ነበር፣ እሱንም አሳምሬዋለሁ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ያነበብከው ትክክል ነው» አለችኝ። «አንድ ቃል አልተሳሳትክም። ግን ሰው ያጨበጨበው ለዚያ ልጅ ነው።»

ከዚያ ደግሞ «ብትጠይቀኝ ሌላ ቀን እነግርህ ነበር» አለች። ማታ ማታ ትንፋሽ አጠረኝ እያሉ የሚደውሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። እሷና ሹፌሩ ይሄዳሉ፣ ግፊታቸውን ይለካሉ፣ ኦክስጅናቸውን ያያሉ፣ ትንሽ አጫውተዋቸው ይመለሳሉ። ሴትዮዋ እስኪሞቱ ድረስ። ያ ነበር የምትኮራበት ሥራ። በእኛ ቅጽ ደግሞ ያ ሁሉ «ባዶ ጉዞ» ተብሎ ነጥብ የሚያስቀንስ ነው።

አለቃችን ስነግራቸው «ሽልማት የሚጠላ ሰው አለ እንዴ?» አሉ። ፎቶዋ ከነጽሑፉ በመሥሪያ ቤቱ ፌስቡክ ወጥቶ ነበር። ለማስወጣት የአንድ ሰው ፈቃድ በቅቶ ነበር፣ ለማውረድ ግን ሦስት ፊርማ ጠየቁኝ። አራት ቀን ቆየ። እናቲቱ አይታው እንደሆነ እንጃ።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ከታዘዛችሁ የኔን ስሙ፣ መመሪያውን ተዉት። ሰውየውን አስቀድማችሁ ጠይቁት፦ «ልናመሰግንህ ነው፣ ስለ የትኛው ቀን ይወራልህ?» ምንም አይወራ ካለ ምንም አይወራ። የሚነበበውን ጽሑፍ ራሱ ቀድሞ ያንብበው። መመሪያው «ከሞት የተረፉ ታካሚዎች ቢጋበዙ ፕሮግራሙን ያደምቃል» ይላል። ታካሚ ማድመቂያ አይደለም። ሁለቱም ወገን ካልፈለጉ አታገናኙ። ባለሙያውን ከሹፌሩ ለይታችሁ አትጥሩ። ዋንጫውን ትታችሁ ክፍያ ያለው የእረፍት ቀን ብትሰጡ ደግሞ ማንም በጎን በር አይወጣም።

በሁለተኛው ዓመት ሰዓቱን ቀይሬ፣ በሦስቱም ፈረቃ እየዞርን እዚያው ጣቢያው ላይ አደረግነው። አዳራሽ የለም። ፎቶ የለም። ስልክ ተቀባዮቹ መጀመሪያ ተጠሩ። አለቃችን «ደበዘዘ» አሉ። እሷን እንድትጠቆም ጠይቄያት እንቢ አለች፤ ያ የመጀመሪያው ሽልማት አሁንም የኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ስለ ምስጢሩ ጉዳይ ለበላይ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መልስ አልመጣም። የዘንድሮው መመሪያ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ገልጬ አየሁት። «ለተሸላሚዎች ደስታ ሲባል» ይላል፣ እንዳለ ነው።