መልካም ገና፣ መገመት ላላቆማችሁ ሁሉ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ድሬ ያላችሁ፣ ከቁልቢ ተመልሳችሁ ድካሙ ገና ያልለቀቃችሁ፣ ከአገር ርቃችሁ በዓሉን በስልክ የምታከብሩ፣ ሁላችሁንም ናፍቄያችኋለሁ። ቡና ላይ ለምትቀላቀሉን ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ዘንድሮ መልእክቴ በተለይ ለዋን ፒስ አንባቢዎች ነው። ኤይቺሮ ኦዳ ይህን ማንጋ (የጃፓን በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) በ1997 እ.ኤ.አ. ሲጀምር በአምስት ዓመት እጨርሰዋለሁ ብሎ ነበር ያሰበው። ይኸው ከ1,100 ቻፕተር (ምዕራፍ) አለፈ፤ ከመካከላችን ታሪኩ ሲጀመር ያልተወለደው ይበዛል። አዲስ ቻፕተር በእኛ ሰዓት እሁድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ፀሐይዋ በረድ ብላ ድሬ ላይ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ስር መቀመጥ ሲጀመር ማለት ነው። በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሰሞን ግን ታሪኩ የሚወጣበት ሳምንታዊ መጽሔት ያርፋል። እኔ ደግሞ የምወደው ይህንን ጊዜ ነው። የሚነበብ አዲስ ነገር ሲጠፋ የድሮው ይገለጣል፣ ክርክሩም ይደራል።

ልጆች ሳለን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋበት አገር ሰጥቶ ይገላገል ነበር። የኦዳን እንቆቅልሽ ይዞ አገር የሰጠ ጓደኛ እስከ ዛሬ አላየሁም። ከታሪክ የተፋቀው መቶ ዓመት ምን ደብቋል? የባሕር ወንበዴዎቹ ንጉሥ ሮጀር የመጨረሻዋ ደሴት ላይ ደርሶ ያን ያህል ያሳቀው ምንድን ነው? አንዱ በአማርኛ ይጀምራል፣ ሌላው በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ ሦስተኛው በሶማሊኛ “አይሆንም” ይላል፤ ሁላችንም እንግባባለን።

ላቡንን አስታውሱ። (እዚያ ያልደረሳችሁ ይህችን አንቀጽ እለፏት።) ግዙፉ ዓሣ ነባሪ እንመለሳለን ያሉትን የባሕር ወንበዴዎች 50 ዓመት እየጠበቀ ግንባሩን ከተራራው ጋር ያጋጫል። የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ሉፊ ዓሣ ነባሪው ግንባር ላይ ምልክቱን ቀብቶለት፣ ቃል ገብቶለት ይሄዳል። ታሪኩ እዚያ ያለቀ ይመስላል። ከ300 ቻፕተር በላይ ካለፈ በኋላ ብሩክ የሚባል አጽም መጣ፤ ይስቃል፣ ይዘፍናል፣ ከዚያ የላቡንን ስም ይጠራል። ሲጠበቁ ከኖሩት አንዱ እሱ ነበር። እኔ እዚያ ገጽ ላይ አልቅሻለሁ። ደራሲው ያን ያህል ዓመት አደራውን ሳይጥል እንደጠበቀ ካየሁ ወዲህ የትኛውንም ትንሽ ሥዕል በቸልታ አላልፍም።

ስለዚህ የራሳችሁን ግምት (ቲዎሪ) ስታመጡ ገጹን አሳዩን። “እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል” ምኞት ነው፤ ምኞትም ያምራል፣ ግን “ይህች ጥላ ከ300 ቻፕተር በፊትም ነበረች” የሚል ሰው ሲመጣ ሁላችንም ወንበራችንን እናስጠጋለን። ግምቱ ባይሠምር እንኳ ያችን ጥላ አይተናታል።

አንድ ልመና አለኝ። ቻፕተሩ ሳይወጣ ሾልከው የሚመጡ ገጾችን ለማይፈልግ ሰው አትላኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብ የከረመን ሰው ግምቱን መንጠቅ ነው፤ በበዓል ቀን ደግሞ ይብሳል። ገና መጀመሪያው ላይ ያለ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካላችሁም “ይሄማ የታወቀ ነው” አትበሏቸው። ጥያቄው ለእነሱ ዛሬ ነው የተወለደው።

የእኔን የገና ጥያቄ ልተውላችሁ። የዓሣ ሰዎች ደሴት ላይ ኖህ የምትባል ግዙፍ መርከብ አለች፤ ለአንድ የተስፋ ቀን ተጠብቃ የኖረች። በባሕር ስር የሚኖር፣ መዋኘት የማያቅተው ሕዝብ መርከብ ምን ያደርግለታል? ከዶሮው ወጥ በኋላ፣ ቡናው ሳይፈላ፣ የሚመስላችሁን ጻፉልኝ፤ ገጹንም ጥቀሱልኝ። መልካም በዓል!