መዝገብ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት

ዛሬ ደብረ ብርሃን የድሮ የመሬት ግብር መዝገብ ሳገላብጥ ዋልኩ። የዘር ሐረግ ለማጣራት የምታስቡ፣ መጀመሪያ ቤት ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ። የአያት ስም ብቻ ይዞ መሄድ ድካም ነው። የቅድመ አያትን፣ የክርስትና ስምን፣ ካለም የፈረስ ስምን (በፈረሱ ስም «አባ» ተብሎ የሚጠራበትን) ያዙ፤ «አባ እገሌ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ሰው ያጋጥማል።

«ሰሜን ሸዋ» ብላችሁ ብትጠይቁ አታገኙም። የንጉሡ ዘመን ወረቀት የተያዘው በአውራጃ ነው፦ ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐ ቤቴ። አጥቢያውን ካወቃችሁማ ግማሹ ሥራ አለቀ! በሀ ያጣችሁትን ስም በሐና በኀ ድገሙት፤ ጸሐፊው እንደመጣለት ነው የጻፈው።

የአያታችሁ ስም ከግብር ከፋዮች መካከል ባይኖር «መሬት አልነበረንም» ብላችሁ አትነሱ። የወንድማማቾች ርስት በአንዱ ስም ተገብሮ ሊሆን ይችላል። ርስት በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር የሴት አያቶችን ወገን አትዝለሉ (ብዙው ሰው ይዘላል)። መጠኑ በጋሻ ነው፤ አንድ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር።

ፎቶ ለማንሳት አስፈቅዱ፣ ፍላሽ አጥፉ። ከገጹ በፊት ሽፋኑንና የፋይል ቁጥሩን አንሱ፤ አለዚያ ቤት ስትደርሱ የቱ የየት እንደሆነ ይጠፋችኋል።