ፀሐይ ሲወጣ የሚጠፋው ቴሌቪዥን

ጅማ ውስጥ ዲሽና አንቴና መትከል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ሥራዬ ሰው ሲጠይቀኝ ግን መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ አንድ ቤት ነው። የአዌቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ አቮካዶ ያለበት ቤት።

ሐምሌ ነበር። የቤቱ እመቤት ሱቅ ድረስ መጡ፤ ነጠላቸው በዝናብ ርሷል። ባለቤታቸው ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁት የ2 ሰዓት ዜናን ነው። ዲሽ ነበራቸው። ግን የአገራችን ቻናሎች የሚመጡበት የሳተላይት ሥርጭት፣ ኢትዮሳት፣ ያለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ከጅማ ሲታይ ዲሹ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ማዞር አለበት። በዚያ በኩል ደግሞ አቮካዶው ቅርንጫፉን ዘርግቶ ሸፍኖታል።

«ይቆረጥ ብላቸው እምቢ አሉ» አሉኝ። «በእጃቸው የተከሉት ነው፣ ልጄ።»

እኔም ዛፉ እንዲቆረጥ አልፈለግሁም። «እማማ፣ ዲሹን እንተወው፤ ከማሰራጫው ማማ በቀጥታ የሚመጣውን ዲጂታል ሲግናል በአንቴና እንይዛለን» አልኳቸው። ቴሌቪዥናቸው የቆየ ስለሆነ ለብቻው ሪሲቨር ገዛንለት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አገራችን ለዲጂታል የአንቴና ሥርጭት የመረጠችው ደረጃ ዲቪቢ-ቲ2 ነው። «ቲ» ብቻ የሚል ሪሲቨር ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ያጋጥመኛል፤ አይሠራለትም። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ካርቶኑ ላይ 2 ቁጥርን መፈለግ ነው።

አራት ሜትር ቱቦ አቁሜ አንቴናውን ወደ ማማው አዞርኩ። ሪሲቨሩ የሚያሳየው የሲግናል ጥራት፣ ኳሊቲው፣ 80 ገባ። ስዕሉ ጥርት አለ። አባባ ከትራሳቸው ቀና ብለው መረቁኝ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፦ ኬብሉ አልደረሰም። ቦርሳዬ ውስጥ ከሌላ ሥራ የተረፈ ስድስት ሜትር ያህል ነበረ። ከአሸንዳው ሥር ሁለቱን ጠምዝዤ ቀጠልኩና በናስትሮ ጠቀለልኩት። መሽቶ ነበር፤ ደመናውም ከብዷል። ነገ እመለስበታለሁ ብዬ ወጣሁ። አልተመለስኩም።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። «ልጄ፣ ዝናብ ሲመጣ ስዕሉ ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያ ቀጥ ይላል።»

የድሮውን አናሎግ የምታስታውሱ ታውቃላችሁ። ሲግናሉ ሲደክም ስዕሉ ላይ ነጭ ብናኝ ይፈስበታል፤ ጥላም ይደርብበታል፤ ሰውየው ግን ይታያል፣ ድምፁም ይሰማል። ቴሌቪዥን አገራችን ውስጥ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ እንደዚያ ለምደን ኖረናል። ዲጂታል ግን መሐል የለውም። ለሪሲቨሩ የሚደርሰው ቁጥር ነው። ስህተቱ ጥቂት እስከሆነ ድረስ ራሱ ያርመዋል፤ ተመልካቹ ምንም አያውቅም። ስህተቱ ከሚችለው ካለፈ ግን ስዕሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆንና ይጠፋል። ገደል አፋፍ ላይ እንደመሄድ ነው። እግር እስኪያንሸራትት ድረስ ሜዳው ያው ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ስዕል ስላየን ብቻ ሥራው ጥሩ ነው ማለት የማይቻለው። እኔ ያን ቀን 80 አይቼ ረካሁ፤ ከገደሉ ምን ያህል እንደራቅሁ አልጠየቅሁም።

ሄድኩ። ሳላይ፣ ሳልነካ፣ መንገድ ላይ እያለሁ ወስኜ ነበር፦ ሲግናሉ ደካማ ነው፤ ቡስተር፣ ማለትም ሲግናል ማጉያ፣ ያስፈልገዋል። 1,200 ብር አስከፈልኳቸው። ብሩን ከመቀነታቸው ፈትተው ሲቆጥሩ አይቻለሁ። ቡስተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰካሁት። ስትሬንግዝ የሚለው መስመር ሽቅብ ወጥቶ 98 ላይ ቆመ። ደስ አለኝ። ውጭ እያካፋ ነበር፤ ስዕሉም ሠራ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

«አሁን ደግሞ ሲዘንብ ይሻለዋል» አሉኝ እማማ። ለእኔ ነገሩ የማይሆን መሰለኝ። በፀሐይ የሚጠፋ፣ በካፊያ የሚመጣ ቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም። ቱቦውን አንድ ሜትር ከፍ አደረግሁ፤ ባሰበት። አንቴናውን ግራ ቀኝ አዞርኩ። ሁለት ቀን ተመላለስኩ። አባባ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር ማድረግ ጀመሩ። ያ ከስድብ በላይ ተሰማኝ።

በመጨረሻ ሥራውን ያስተማሩኝን ሰው ለመንኳቸው። ጋሼ ጡረታ ላይ ናቸው። በባጃጅ ይዣቸው መጣሁ። የያዙት ፒንሳና አንድ ጥቅል ኬብል ብቻ ነው። አንቴናውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። እማማን ነው የጠየቁት።

«መቼ ነው የሚጠፋው?»

«ፀሐይ ሲሆን።»

«ቡስተሩ ከመግባቱ በፊትስ?»

«ያኔ ሲዘንብ ነበር።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ? ሁለት በሽታ ነው። አንደኛው የቤቱ ነው፣ ሁለተኛውን አንተ ነህ ያመጣኸው።»

ቡስተሩን ነቀሉት። በዚያች ቅጽበት፣ ፀሐዩ እንደወጣ፣ ስዕሉ መጣ።

«ስትሬንግዝ ስንት ሲግናል እንደገባ ይነግርሃል። ኳሊቲ የገባው ንጹሕ ይሁን አይሁን ይነግርሃል። አንተ የመጀመሪያውን ብቻ ነው ያየኸው» አሉኝ። እውነት ነው፤ 98ን ሳይ ከሥሩ ያለው ኳሊቲ 15 መውረዱን ልብ አላልኩም። ማማው ቅርብ ነው፤ ሲግናሉ ድሮም በቂ ነበር። ላዩ ላይ ቡስተር ሲጨመርበት ሪሲቨሩ ከአቅሙ በላይ ተጫነ። የሠርግ ቤት ስፒከር መጨረሻ ድረስ ሲከፈት ቃሉ እንደማይለየው ማለት ነው። በካፊያ የሚሠራው ደግሞ ዝናቡ የሆነ ቦታ ሲግናሉን ስለሚቀንስለት ነው። ያ «የሆነ ቦታ» ነው የቤቱ በሽታ።

ጋሼ እማማን አንድ ሲኒ ውኃ ለመኑ። የቡናውን ሲኒ በውኃ ሞልተው ሰጧቸው። መሰላል ላይ ወጡና «አንተ ውስጥ ገብተህ ቁጥሩን ጥራልኝ» አሉኝ። ገባሁ። በመስኮት እየጮኽኩ ጠራሁ፦ 80። ከአሸንዳው ሥር ያለው ቅጥያዬ ላይ ውኃውን ቀስ አድርገው አፈሰሱት። 80። 71። 52። 30። ስዕሉ ተሰነጣጠቀ። 8። ጥቁር።

ወጣሁ። ጋሼ ናስትሮውን ፈትተው ኬብሉን ሰጡኝ። ዙሪያውን የተጠለፈው ሽቦ በአንድ ሳምንት ጠቁሯል። የመሐሉ መዳብ ላይ አረንጓዴ ዝገት ጀምሯል። ወደ ታች ሳዘነብለው ከውስጡ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ መዳፌ ላይ ወረደ። አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ ደግሞ ከዙሪያው ተነጥላ የመሐሉን መዳብ ልትነካ ምንም አልቀራትም። ውኃው በገባ ቁጥር ሁለቱን ያገናኛቸው ነበር። የተጠለፈው ሽቦ ውኃን እንደ ኩራዝ ክር ይስባል፤ ከቅጥያው አልፎ ኬብሉ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል። ጅማ በዓመት በአማካይ ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። እዚህ ተወልጄ አድጌ ናስትሮ ዝናብ ይከላከላል ብዬ ማሰቤ እስከዛሬ ያሳዝነኛል።

ጥገናው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከአንቴናው እስከ ሪሲቨሩ ቅጥያ የሌለው አንድ ወጥ ኬብል ዘረጋን። በሁለቱም ጫፍ በጠመዝማዛ ኮኔክተር አሰርን፤ የላዩን ውኃ እንዳያስገባ ሸፈንነው። ኬብሉ ግድግዳውን ከመብሳቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ተንጠልጥሎ እንዲመለስ አደረግን፤ ውኃው እዚያ ጋ ይንጠባጠባል እንጂ ቤት አይገባም። ቱቦውንም ወደ ቀድሞው ከፍታ አወረድነው። ስትሬንግዝ 70፣ ኳሊቲ 92። ጋሼ ሌላ ሲኒ ውኃ ጠየቁ፤ ኮኔክተሩ ላይ አፈሰሱበት። 92።

1,200 ብሩን መለስኩ። እማማ መጀመሪያ አልቀበልም አሉ። ጋሼ «ይቀበሉት፣ የእርስዎ ነው» ሲሏቸው ተቀበሉኝ። ከዚያ ቡና ተፈላ። አቦሉን ጠጥተን ልንነሳ ስንል አባባ ከአልጋቸው «በረካው ሳይደርስ የትም አትሄዱም» አሉ። ድምፃቸውን በደንብ የሰማሁት ያኔ ነው።

ቡስተሩን አልጣልኩትም። ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ፣ ከኮረብታ ጀርባ ያለ አንድ ቤት ተተከለ። እዚያ ሲግናሉ በእውነት ደካማ ነበር። መጀመሪያ ያለ ቡስተር ለካሁ፤ ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ዳሰስኩ፤ ከዚያ ነው ቡስተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሳይሆን ላይ፣ አንቴናው ሥር ያሰርኩት። ሲግናሉ በኬብሉ ውስጥ ሳይደክም ገና ንጹሕ እያለ ነው መጉላት ያለበት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ምሽት ከተማዋን የሚያናውጥ ዝናብ ጣለ። የሱቁ ቆርቆሮ እየጮኸ ነበር። ሰዓቴን ሳይ 2 ሰዓት ከአምስት ነው። አላስቻለኝም፤ እማማ ዘንድ ደወልኩ።

«እንዴት ነው?»

መልስ አልሰጡኝም። ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉልኝ። በዝናቡ ጩኸት መሐል የዜና አንባቢው ድምፅ አንድም ቦታ ሳይቆራረጥ መጣ። ጸጥ ብዬ አዳመጥኩ።

«በቃ ልጄ» አሉኝ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዝም በይ፣ ዜናው እንዳያመልጠኝ እያሉኝ ነው።»