ቀረጥ ሲመለስ ገንዘቡ የማን ነው? ከአንድ አነስተኛ አስመጪ መዝገብ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው ቀረጥ ሲመለስ ገንዘቡ የሚገባው በዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ዕቃው ሲገባ ለጉምሩክ በሚቀርበው መግለጫ ላይ አስመጪ ተብሎ ስሙ የሰፈረው ሰው የባንክ ሒሳብ ውስጥ ነው። ዕቃውን በውድ የገዛችው የቤት እመቤት፣ ዋጋ እንዲቀንስ የተለመነው የአዲስ አበባ ላኪ፣ ትርፉ የሳሳበት ባለ ሱቅ በዚያ ወረቀት ላይ የሉም። እኔና ሸሪኬ በዋሽንግተን አካባቢ ጥሬ ቡና፣ በርበሬና ሽሮ፣ ጀበናና ነጠላ ከኢትዮጵያ እናስመጣለን፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእኛ ነው። የቀሩት ሁሉ ደግሞ ስልካችንን ያውቃሉ።

ነገሩን ከመነሻው ላስታውስ፤ ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከኤፕሪል 5 ቀን 2025 ጀምሮ አሜሪካ በአብዛኞቹ አገሮች ዕቃ ላይ፣ የኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የ10 በመቶ ተጨማሪ ታሪፍ ጣለች። የተጠቀሰው ሥልጣን በ1977 የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሕግ ነበር። እስከዚያ ድረስ ጥሬ ቡና ያለ ምንም ቀረጥ ይገባ ነበር። ቡና ከኖቬምበር 13 ቀን 2025 ጀምሮ ነጻ ተደረገ፤ ጀበናው ግን መክፈሉን ቀጠለ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2026 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ያ ሕግ ታሪፍ የመጣል ሥልጣን አይሰጥም ብሎ ወሰነ። የተሰበሰበው ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ ግን ውሳኔው አልተናገረም። ዳኛ ኤሚ ኮኒ ባሬት ገና በክርክሩ ወቅት የመመለሱ ጉዳይ ውጥንቅጥ ሊሆን እንደሚችል ማንሳታቸውን አስታውሳለሁ፤ እኔም ያን ጊዜ ነው መዝገቤን መለየት የጀመርኩት።

መለየቱ ከጠበቅኩት ቀለለ። ተጨማሪው ታሪፍ በዲክላራሲዮኑ ላይ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የእኛው 9903.01.25 ነበር። ስለዚህ የጉምሩክ አስተላላፊያችን ከእያንዳንዱ ጭነት ያንን መስመር ብቻ ነቅሶ በአንድ ሰንጠረዥ ሰጠን። እዚህ ላይ አንዳንድ ነጋዴዎች ሲምታታባቸው አይቻለሁ። ለምሳሌ ነጠላ ከድሮም መደበኛ ቀረጥ አለበት፤ ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የአፍሪካ ዕቃዎች ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገቡ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ከወጣች ወዲህ የአጎዋን ነጻነትም አናገኝም። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ያንን መደበኛ ቀረጥ አይነካውም። «ለጉምሩክ የከፈልኩት ሁሉ ይመለሳል» ብሎ ለደንበኞቹ የነገረ ሰው አሁን ሊያፍር ነው።

አጣዳፊው ነገር የጊዜ ገደቡ ነበር። ጉምሩክ አንድን ዲክላራሲዮን አብዛኛውን ጊዜ በ314 ቀን አካባቢ መርምሮ ይዘጋዋል። ከተዘጋ በኋላ ተቃውሞ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 180 ቀን ነው። ቀኑን ብትቆጥሩት፣ በኤፕሪል 2025 መጀመሪያ የገቡ ዕቃዎች ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ተዘግተዋል ማለት ነው፤ ሰዓቱም መሮጥ ጀምሯል። ስለዚህ ከአሮጌው ጀምረን ወደ አዲሱ ሄድን። ሌላው ጉዳይ የባንክ ሒሳብ ነው። ከፌብሩዋሪ 6 ቀን 2026 ወዲህ ጉምሩክ ተመላሽ የሚከፍለው በኤሌክትሮኒክስ ዝውውር ስለሆነ፣ በጉምሩክ ሥርዓት ውስጥ ሒሳቡን ያላስመዘገበ አስመጪ ቼክ በፖስታ እየጠበቀ ይቀራል። የተመላሽ መብታችንን ከዶላር በሃያ ምናምን ሳንቲም ሊገዛን የደወለም አልጠፋም። ፍርድ ቤት ከመወሰኑ በፊት ከሆነ ይህ እንደ መድን ሊታይ ይችል ይሆናል፤ ለእኔ ግን የደንበኞቼን ገንዘብ ጭምር መሸጥ ሆኖ ስለተሰማኝ እንቢ አልኩ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ዋናው ሥራ ነው፤ ቀረጡን በእርግጥ የከፈለው ማን እንደሆነ ማወቅ።

ቡና ቆዪዎች ዘንድ መልሱ ግልጽ ነበር። ታሪፉ ሲመጣ በደረሰኛቸው ላይ ከቡናው ዋጋ በታች «የታሪፍ ጭማሪ» የሚል የተለየ መስመር አስገብተን ነበር። ታሪፍ ብለን የተቀበልነው ገንዘብ ታሪፉ ሲመለስ የእኛ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም፤ ቢቻልም በሚቀጥለው ዓመት ቡና የሚገዛን አይኖርም። ለእነሱ ሙሉውን እንደምንመልስ በጽሑፍ አሳወቅን። ጉምሩክ ተመላሽ ሲከፍል ወለድ ስለሚጨምርበት ስለ ወለዱም የጠየቀ ነበር። ወለዱን ለራሳችን አስቀረን፤ ቀረጡን ለመንግሥት በቶሎ ከፍለን ከደንበኞቻችን የምንሰበስበው ዘግይተን ነበርና።

በሱቆቹ ዘንድ ነገሩ ተወሳሰበ። ለእነሱ የተለየ መስመር አልነበረም፤ ዋጋውን ብቻ ከፍ አድርገን ነበር። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ሱቅ ያላቸው አንዲት ደንበኛችን በደወሉ ጊዜ የተነጋገርነው ሁሉንም ይገልጸዋል።

«ልጄ፣ ለእኔስ ስንት ይደርሰኛል?»

«እትዬ፣ እርስዎ የበርበሬውን ዋጋ ስንት ጨመሩበት?»

«ዐሥር በመቶ ነዋ! ታሪፉ ዐሥር አይደል?»

ታሪፉ ዐሥር ነው፤ ግን ከምን ላይ? የአሜሪካ ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው ዕቃው አገር ቤት በተሸጠበት ዋጋ ላይ ነው፤ የዓለም አቀፍ ማጓጓዣው አይታሰብም። በአውሮፕላን ለሚመጣ ሽሮና በርበሬ ደግሞ ማጓጓዣው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ኪሎው 4 ዶላር የሆነ በርበሬ እዚህ መደርደሪያ ላይ 16 ዶላር ይሸጣል እንበል። ታሪፉ 40 ሳንቲም ነው። ባለ ሱቁ ከ16 ዶላሩ ላይ ዐሥር በመቶ ከጨመረ ግን ገዢው የከፈለው 1 ዶላር ከ60 ነው። መንግሥት ከወሰደው የሚበልጠው ጭማሪ ከማንም አይመለስም፤ በየትኛውም ዲክላራሲዮን ላይ የለምና። እትዬ በዚህ አኩርፈው ነበር። እውነት ለመናገር ግን ዋጋ ሲጨምሩ ገበያቸው ቀንሶ ስለነበር ሁሉም ትርፍ ሆኖ አልቀረላቸውም።

ከኤፕሪል 2025 በፊትና በኋላ የነበሩትን የዋጋ ዝርዝሮቻችንን ጎን ለጎን አድርጌ፣ የማጓጓዣውን ለውጥ ቀነስኩ። የቀረው ልዩነት እኛ ወደ ሱቆቹ ያሻገርነው የታሪፍ ድርሻ ነው፤ ግማሹን ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሌላውን ግማሽ እኛው ከትርፋችን ችለን ነበር። ለሱቆቹ ያንን ግማሽ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ከሚቀጥለው ትዕዛዛቸው ላይ በሚቀነስ ሒሳብ ለመስጠት ወሰንን። ሸሪኬ ይህ ደግነት ይበዛል ባይ ነው። እኔ ደግሞ ደንበኛን ከማቆያ ርካሹ መንገድ ነው እላለሁ።

ተራው ሸማችስ? በቡና ላስላው። ጥሬው ቡና በፓውንድ 4 ዶላር ቢሆን ታሪፉ 40 ሳንቲም ነው። ከአንድ ፓውንድ ሃያ አምስት ያህል ስኒ ይወጣል፤ ስለዚህ የስኒው ድርሻ ሁለት ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ቡና ቤቱ በስኒ ሩብ ዶላር ጨምሮ ከነበረ፣ ሌላው ጭማሪ የመጣው ከኪራይ፣ ከደመወዝና ከዓለም ገበያ ነው፤ የአረቢካ ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ 4 ዶላር ያለፈው ታሪፉ ከመጣሉ በፊት፣ በፌብሩዋሪ 2025 ነው። በዚያ ላይ ከኦገስት 2025 ጀምሮ የብራዚል ቡና 50 በመቶ ተጣለበትና ገዢው ሁሉ ወደ ሌሎች አገሮች ቡና ተሻማ። የኢትዮጵያን ቡና የገዛ ሰው የብራዚልን ታሪፍ ጦስ ጭምር ከፈለ ማለት ነው፤ ያንን የሚመልስለት ማን ነው? ይህ በቡና ብቻ የታየ አይደለም። በ2018 አሜሪካ በልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ላይ ታሪፍ ስትጥል፣ ታሪፍ ያልነካቸው የልብስ ማድረቂያዎችም ዋጋ አብሮ መውጣቱን የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ ሁለቱ አብረው የሚሸጡ ናቸውና።

ስለ ላኪው የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም። ታሪፉ በመጣ ጊዜ የአዲስ አበባዎቹን አቅራቢዎቻችንን ዋጋ ቀንሱ ብለን ለምነናል። የቡና ላኪው አልቻለም፤ የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ከሚያወጣው ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ በታች መዋዋል አይፈቀድለትም። የበርበሬ አቅራቢያችን ግን ቀነሰልን። እንግዲህ የታሪፉን ቁራጭ የከፈለ አንድ ሰው እዚያም አለ። ከእኛ ግማሽ ላይ የእሱን ድርሻ አንስተን በሚቀጥለው ግዢ ወደ ድሮው ዋጋ እንደምንመለስ ነገርነው። መጀመሪያ አላመነም።

ይህ ሁሉ በፈቃደኝነት የሚደረግ ነው፤ የሚያስገድደን ሕግ የለም። አሜሪካ ግን ሌላ መንገድ ሞክራ ታውቃለች። ጃንዋሪ 6 ቀን 1936 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስንዴ፣ በጥጥና በመሳሰሉት ማቀነባበር ላይ የተጣለውን ግብር ሻረ። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ፣ ግብሩ ይመለስልኝ የሚል ፋብሪካ ሸክሙን ወደ ገዢው እንዳላሻገረ ራሱ እንዲያስረዳ አደረገ። ሳይከፍል በእጁ ባስቀረውና ከገዢው በሰበሰበው ላይ ደግሞ 80 በመቶ ግብር ጣለበት። በአውሮፓም የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1983 ከሰጠው የሳን ጆርጆ ፍርድ ወዲህ፣ ወደ ገዢ የተሻገረ ሕገ ወጥ ቀረጥ ላይመለስ ይችላል። ሁለቱም ቢሆኑ ሻጩ ያልደከመበትን እንዳያገኝ ይከለክላሉ እንጂ፣ ደረሰኟን የጣለችውን የቤት እመቤት አያገኟትም። ገንዘቡ ለመንግሥት ይቀራል። እኔ ከሁለት አንዱን ምረጥ ብባል በነጋዴው እጅ ቢገባ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ነጋዴው ደንበኛው መጥቶ ሊጨቀጭቀው ይችላል። ኮስትኮን የመሰለ ግዙፍ ቸርቻሪ ገና ፍርዱ ሳይሰጥ፣ በኖቬምበር 2025 ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ከስሷል፤ እሱን ስልክ ደውሎ የሚጨቀጭቅ ግን የለም።

እትዬ በስተመጨረሻ አንድ ጥያቄ አነሱ። «ታዲያ አሁን በርበሬው ይረክሳል?» አይረክስም አልኳቸው። ፍርዱ በተሰጠበት ዕለት ፕሬዚዳንቱ በ1974ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 122 ሌላ የ10 በመቶ ታሪፍ አወጁ፤ ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2026 ጀምሮ ለ150 ቀናት እንዲቆይ ተብሎ ነበር። በዚህ ጊዜ ለሱቆችም ታሪፉን በደረሰኙ ላይ ለብቻው አውጥተነዋል፤ ከሥሩም «ከተመለሰልን እንመልሳለን» የሚል አንድ መስመር አለ። ሸሪኬ «እንደ ድርሻዎ» የሚል ይጨመርበት ብሎ እስካሁን እየተከራከርን ነው።