ግድብ ጥቁር ዝንብን ያጠፋል ወይስ ያራባል?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲነሳ የዋለ ጥያቄ ነው። ሁለቱንም ያደርጋል። ጥቁር ዝንብ የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት (ኦንኮሰርሲያሲስ) የተባለውን በሽታ የሚያመጣውን ትል ወደ ሰው ያስተላልፋል። የጥቁር ዝንብ እጭ የሚያድገው በፈጣን ውሃ ውስጥ ነው፤ ከግድቡ ኋላ የሚጠራቀመው ሐይቅ ፏፏቴውን ሲውጠው እዚያ ያለው መራቢያ ያበቃለታል። በጋና ከአኮሶምቦ ግድብ በላይ የሆነው ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ግድቡ ሲጠናቀቅ የቮልታ ፏፏቴዎች ሰመጡ።

ጣጣው የግድቡ ማስተንፈሻ፣ ማለትም ትርፍ ውሃ የሚለቀቅበት መውረጃ ላይ ነው። ስስ ሆኖ በኮንክሪቱ የሚንደረደረው ውሃ ከሐይቁ ደቃቅ ምግብ ይዞ ስለሚወርድ፣ እጮቹ በኋላ ጫፋቸው ተጣብቀው እንደ ምንጣፍ ያለብሱታል። በሞቃት ውሃ እጩ በሳምንት ገደማ ስለሚያድግ ማስተንፈሻውን በየሳምንቱ ዘግቶ ማድረቅ ይበጃል። በወር አንዴ ከሆነ ግን ልፋት ብቻ! በሩ የሚያፈስ ከሆነም እርጥቡ መስመር ላይ ያሉት ይተርፋሉ።

የበሽታውን መድኃኒት አይቨርሜክቲንን ለሰዎች መስጠቱም አይቋረጥ፤ ያደገውን ትል አይገድልም፣ ትሉ ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል።