ደረሰኝ ሳንይዝ ቤት ለቤት፦ የአጥቢያችንን መዝገብ እንደ አዲስ የጻፍንበት መንገድ

በአዲስ አበባ ባለ አንድ ደብር የሰበካ ጉባኤ አባል ሆኜ ስመረጥ የምእመናን ምዝገባው ለእኔ ተሰጠኝ። ጡረታ የወጣች መምህርት ስም መጥራት አይሰለቻትም ብለው ይመስለኛል። የተረከብኩት መዝገብ የአባወራውን ስም፣ የቤት ቁጥሩንና የየወሩን መዋጮ ብቻ የያዘ ነበር። የከፈለ ምልክት ይደረግለታል፤ ያልከፈለው ረድፉ ባዶ ይቀራል። ታሞ ይሁን፣ ቤቱ ፈርሶበት ይሁን፣ ሞቶ ይሁን የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።

መዝገቡ ይህን መልክ የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1965 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ ሲቋቋም ምእመኑ ከካህናቱ ጋር በአስተዳደር ሥራ እንዲሳተፍ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ከዚያም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን መሬቷንና የኪራይ ገቢዋን አጣች። ካህኑ ምእመኑ በሚያዋጣው የሚኖር ሆነ። ቅዳሴ በወጉ 5 ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። እነዚህን ማኖር ያልቻለ አጥቢያ ቅዳሴው ይታጎልበታል፤ ስለዚህ መዋጮን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ሰፈሩን በመዋጮው ብቻ የሚያውቅ ደብር ሰፈሩም እርሱን በደረሰኙ ብቻ ማወቁ አይቀርም። ብዙ ሰው አባል የሚሆነው የቀብር ነገር አሳስቦት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሬሳ ቤት አስቀምጦ የአባልነት ደብተር ፍለጋ መሳቢያ የሚበረብር ቤተሰብ አይቻለሁ፤ ከዚያ የከፋ ነገር በደጀ ሰላም አላየሁም።

ደረሰኝ ሳንይዝ ቤት ለቤት እንሂድ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ክርክር ተነሣ። ገንዘብ ያዣችን፣ «እግር ካነሣችሁ አይቀር ውዝፉንም ሰብስቡ እንጂ!» አሉ። አስተዳዳሪው አባታችን ግን ደገፉኝና ከአንድ ቄስና ከአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ጋር መዞር ጀመርን። ቄሱ ባይኖሩ ብዙው በር አይከፈትም ነበር። ወጣቱ ደግሞ ለእኔ የማይነገረኝን ከልጆቹ አፍ ይሰማል።

አንዲት እናት በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ለወሩ ከሆነ ዘንድሮ አልሞላልኝም፣ መምሬ» አሉ። መምሬ መስቀላቸውን ከኪሳቸው እያወጡ፣ «ልንጠይቅዎት ነው የመጣነው እንጂ፣ እማማ። ከሰንበቴ ጠፉብን እኮ» አሏቸው። በሩ ተከፈተ። ጉልበታቸውን ታመው ዳገቱን መውጣት ካቃታቸው ቆይቷል። የንስሐ አባታቸው ካረፉ ወዲህ ሌላ አልያዙም፤ ጠበል የሚያመጣላቸውም ሰው የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ እርሳቸው ቤት ያለው መንገድ አንድ ጧፍ ነዶ የማያልቅበት ነው። በየወሩ በ12 ማኅበረ ሚካኤል ሲያወጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጽዋው ወደ ሌላ ቤት ሲዞር እርሳቸውን ያስታወሰ አልነበረም።

ከዚያ ቤት ወጥተን መዝገቡን እንደ አዲስ አሰመርን። የንስሐ አባት ማን ነው? ብቻውን የሚኖር፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነ አለ? በ40 ወይም በ80 ቀኑ ክርስትና የሚነሣ ሕፃን ይጠበቃል? የእጅ ሙያ ያለው ማን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ወጣቱ ነበር ያስጨመረው፤ ከሁሉም ፈጥኖ ፍሬ ያፈራውም እርሱ ነው። የፈረሰውን አጥር ለመጠገን ለኮንትራት ጨረታ ልናወጣ ስንል፣ ግንበኛው ከአጥሩ ማዶ ይኖር ነበር። አንዲት ነርስ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ተቀምጣ የደም ግፊት መለካት ጀመረች። አረጋውያኑ ዳቦና ጠላቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ፤ እግረ መንገዳቸውን ማን እንደ ቀረ ይነግሩናል። ሰንበቴን የመብልና የመጠጥ ጉዳይ ብቻ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ቢመጡና ቢያዳምጡ ደስ ይለኛል። ከእኛ ስብሰባ ይልቅ የሰፈሩ ችግር በቶሎ የሚሰማው እዚያ ነው።

ገንዘቡስ? ሙዳየ ምጽዋቱ ሲከፈት ከካህናት፣ ከምእመናንና ከወጣቶች የተወከሉ ሰዎች አብረው ይቆጥራሉ፤ ይህ ድሮም ነበር። እኛ የጨመርነው ገቢውንና ወጪውን ጽፈን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፍ ነው፤ የዕጣኑን፣ የዘቢቡን፣ የመብራቱን ሳይቀር። የካህናቱ ደመወዝ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሕዝቡ ያየው ያን ጊዜ ነው። ውዝፍ ለመክፈል ሳይጠሩ የመጡ ሰዎች ገንዘብ ያዣችንን አስገረሟቸው፤ እኔን ግን ብዙም አላስገረሙኝም።

ያልተፈታ ጉዳይ አለ። ሰፈራችን በከፊል ፈርሶ ብዙ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ሄዷል። በሕጉ አባልነት በሚኖሩበት አጥቢያ ነው፤ እነርሱ ግን ያባት የእናታቸው መቃብር እዚህ ነውና በዓመታዊው ንግሥ ከከተማው ዳር በሁለት ታክሲ ይመጣሉ። ጉባኤው ስማቸው ይሰረዝ ሲል ተቃወምኩ። ለጊዜው በተለየ ገጽ ጽፈናቸዋል፤ ለሚኖሩበት አጥቢያም ደብዳቤ እንጽፍላቸዋለን፤ እዚያ ታመው ቢተኙ የሚጠይቃቸው ካህን ያስፈልጋቸዋልና። አንዳንዶቹ ደብዳቤውን ተቀብለው ኪሳቸው ውስጥ እንዳስቀሩት ሰምቻለሁ።

የጉባኤው የሥራ ዘመን 3 ዓመት ስለሆነ የእኛ ጊዜ እየተቃረበ ነው። ወጣቶቹ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ካላስገባን ብለዋል፤ ተስማምቻለሁ። የወረቀቱ ቅጂ በየዓመቱ ታድሶ በዕቃ ቤት እንዲቀመጥና የሕሙማኑ ገጽ ከካህናቱና ከጠያቂዎቹ በቀር ለማንም እንዳይታይ ግን በቃለ ጉባኤ አስይዣለሁ።